አምስት ጥንድ እግር ከጎንደር እስከ ላንጋኖ፦ የአንድ ቤተሰብ የጫማ ጉዳይ

ጥያቄዋ አጭር ነበር። «ወንድሜ፣ አምስት ነጠላ ጫማ አውጣልኝ። ልጆቹን ቢች ልንወስዳቸው ነው።»

ጎንደር ፒያሳ ላይ ጫማ ቤት ላለው ሰው እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲሳይ ነው። አምስት ጥንድ፣ አንድ ዓይነት፣ ብዙ ክርክር የሌለበት። እኔ ግን በዚህ ሥራ ስቆይ አንድ ዐመል አውጥቻለሁ። ጫማው የት እንደሚረግጥ ሳልጠይቅ አልሸጥም። ጠየቅኳት፤ ወሬው ከዚያ ቀጠለ። በመጨረሻ ቤተሰቡ ከእኔ የገዛው ሦስት ጥንድ ብቻ ነው። ከሦስቱ አንዱም ነጠላ ጫማ አልነበረም።

ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ከጉዞው መልስ ጫማዎቹን አምጥተው ስላሳዩኝ ነው። የሻጭ ምክር ሁልጊዜ ከሽያጩ ጋር ያበቃል። ያገለገለ ጫማ ገልብጦ ሶሉን የማየት ዕድል ብዙ አይገኝም። ስማቸውን ትቼዋለሁ።

አባትየው አስተማሪ ነው። እናትየዋ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ትሠራለች፤ የሰፈሬ ሰው ናት። ወንዱ ልጅ 13 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 6። አምስተኛዋ የእናትየዋ እናት ናቸው። ስልሳዎቹን አጋምሰዋል። ስኳር ካለባቸው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። የጉዞው ዕቅድ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ነው። ከአዘዞ፣ ከጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ፣ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ በዘመድ መኪና ቢሾፍቱ መዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል፣ ከዚያ ላንጋኖ።

መጀመሪያ ያሰቡት ጣና ዳር ያለችውን ጎርጎራን ነበር። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ወጪውም ቀላል። ያስቀራቸው ቢልሃርዝያ ነው። በጣና ዙሪያ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። እናትየዋ «ለልጆቹ የውኃ ጫማ ብናደርግላቸውስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። አይሠራም። የቢልሃርዝያ ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይዋኛል፤ ያገኘውን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ጉልበት፣ ጭን፣ ክንድ አይመርጥም። እግርን ብቻ መሸፈን በሩን ቆልፎ ጣራውን ክፍት እንደ መተው ነው። ላንጋኖ ደግሞ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መካከል ቢልሃርዝያ የሌለበት በመባል ነው የሚታወቀው። ሰው ከየቦታው ሄዶ የሚዋኝበትም በዚሁ ነው። እዚህ ላይ ውሳኔያቸው ትክክል ነበር፤ የኔ ጫማ ምንም አይጨምርበትም።

ላንጋኖ ግን ሌላ ነገር አለው። ውኃው ቡኒ ነው። ቆሽሾ አይደለም፤ ደቃቅ አፈር ውስጡ ተንሳፍፎ ስለሚኖር ነው። ለመዋኘት ምንም አይልም። ለእግር ግን ነገሩ ይለያል። እስከ ጉልበት ገብቶ የራስን ጣት ማየት አይቻልም። ድንጋይ ይሁን የጠርሙስ ስባሪ የሚታወቀው ከተረገጠ በኋላ ነው። ዳርቻው ደግሞ ግራር ነው። ግራር ካለ እሾህ አለ፤ ከማረፊያው እስከ ውኃው ባለው መንገድ አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ ይጠብቃል።

እንግዲህ ቢሾፍቱ ላይ እርጥብ ሴራሚክና የሻወር ቤት ወለል አለ። ላንጋኖ ላይ የጋለ አሸዋ፣ እሾህ፣ የማይታይ የሐይቅ ወለል አለ። እናትየዋ ለዚህ ሁሉ አንድ ነጠላ ጫማ ነበር ያሰበችው። እኔ ነጠላ ጫማን አልንቅም። ብዙ ሰው ለሚጠቀምበት ሻወር ቤት ከሱ የተሻለ የለም። የእግር ጣት መሐል ፈንገስና የውስጥ እግር ኪንታሮት በብዛት የሚተላለፈው እንደዚያ ባለ እርጥብ ወለል ላይ ነው። ገብቶ ለመውጣት ነጠላ ጫማ ይበቃል። ግን እሱማ ቤታቸው አለ። አምስት አዲስ የሚገዛበት ምክንያት አልታየኝም።

ለእርጥብ ሴራሚክ ግን መፈተን አለበት። ሱቄ ደጃፍ ላይ የተወለወለ ሴራሚክ አለ። አንድ ጆግ ውኃ ደፋሁበትና የተለያየ ጫማ በእጇ ተጭና እንድትገፋ ሰጠኋት። ደረቅ ፕላስቲክ ሶል ያለው ሸበጥ ሸርተት ብሎ ሄደ። ለስላሳ ጎማ፣ ቀጫጭን ቦይ ቦይ ያለው፣ ያዝ አደረገ። ቦዩ ውኃውን ወደ ጎን ያስወጣዋል፤ ጎማው ወለሉን ያገኛል። ሶሉ ልሙጥ ከሆነ ውኃው መሐል ላይ ይቀርና እግር በውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ገበያ ላይ ውኃ ለሌለው ሰው ደግሞ ጥፍር አለ። ሶሉን በጥፍር ጫን ሲያደርጉት ትንሽ የሚሰረጉድ ጎማ ይይዛል። ጥፍር የማይቀበል ከሆነ ለመዋኛ ዳር አይሆንም። ያረጀ ጫማም እንደዚያው ነው፤ ቦዩ ካለቀ አዲሱ ቢይዝም አሮጌው ያንሸራትታል።

ከሁሉም የከበደው የእማማ ጉዳይ ነው። እናትየዋ የእናቷን እግር በክር ለክታ፣ ጫፍና ጫፉን ቋጥራ አምጥታ ነበር። የድሮ ዘዴ ነው፤ ከገጠር ለገበያ የሚመጣ ሰው አሁንም በክር ወይም በገለባ ለክቶ ይዞ ይመጣል። ርዝመትን በደንብ ይናገራል። ስፋትን ግን አይናገርም። ጣት መቆልመሙን፣ ከአውራ ጣት ሥር አጥንት መውጣቱን አይናገርም። «ራሳቸውን አምጪያቸው፣ ደግሞ ወደ አመሻሹ ይሁን» አልኳት። እግር ሲውል ያብጣል። ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ይጠብቃል። በአውሮፕላንና በመኪና ተቀምጦ ለሚውል ሰው ደግሞ ይብሳል።

በማግስቱ አመሻሽ መጡ። በርጩማ ላይ አስቀመጥኳቸውና እንዲህ አልኳቸው፦

«እማማ፣ እዚያ ሲሄዱ በባዶ እግርዎ አሸዋው ላይ ይወጣሉ?»

«ምነው ልጄ! እኔ ከዳባት ደባርቅ ገበያ በባዶ እግሬ እየተመላለስኩ ያደግሁ ነኝ። አሸዋ ምን ያደርገኛል?»

ልክ ናቸው፤ ያኔ ምንም አያደርጋቸውም ነበር። ያኔ እግራቸው ይነግራቸዋል። ሲጎረብጥ ያነሱታል፣ ሲያቃጥል ይሸሻሉ። አሁን ግን ስኳሩ የእግራቸውን ነርቭ ነክቶታል። ልጃቸው እንደነገረችኝ በመጨረሻው ክትትል ነርሷ ቀጭን የናይለን ክር ውስጥ እግራቸው ላይ እያሳረፈች «ይሰማዎታል?» ስትላቸው ከአውራ ጣታቸው ሥር አልተሰማቸውም። ያ ክር እስኪታጠፍ ድረስ የሚጫነው 10 ግራም ያህል ብቻ ነው። እሱን ያልሰማ እግር እሾህ ገብቶበትም ዝም ሊል ይችላል። ከደባርቅ መንገድ የተረፈው ጠንካራ ተረከዝ እዚህ ላይ አያድንም፤ እንዲያውም የደረቀ ተረከዝ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ የቁስል በር ይሆናል።

አሸዋውም እንደ ጎንደር መሬት አይደለም። እኛ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ ላንጋኖ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። በእኩለ ቀን አየሩ ደስ የሚል ሙቀት ሆኖ፣ የደረቀው አሸዋ 50 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ጤነኛ ሰው ኧረ ብሎ ይሮጣል። ነርቩ የደነዘዘ ሰው ቆሞ ያወራል። ማታ እግሩን ሲያጥብ ውኃ የቋጠረ ቆዳ ያገኛል። ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ የእግር ቁስል ቶሎ አይድንም፤ ባስ ሲል እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ ከአምስቱ ሰዎች መካከል ገንዘብ የሚወጣበት እግር ይህ ነው አልኩ። ለልጆቹ ቀለም የሚመርጠው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይህን እግር ይጨርስ።

የሚያስፈልጋቸውን አውቀዋለሁ። ፊቱ የተዘጋ፣ ጣት የማያስነካ። ኋላው የሚያዝ። ጣት መሐል የሚገባ ገመድ የሌለው፤ ነጠላ ጫማ ለሳቸው ከነጭራሹ የማይሆነው በዚህ ነው። ውስጡ ስፌት የማይጎረብጥ። እንደ እብጠቱ የሚላላና የሚጠብቅ፣ የሚጣበቅ ማሰሪያ ያለው። ሶሉ በእጅ ሲታጠፍ እንደ ጨርቅ የማይጠቀለል። ከሴቶቹ መደርደሪያ ሞከርን፤ ሁሉም ጠበባቸው። የሴት ጫማ አሠሪዎች እግርን ምን ያህል ቀጭን አድርገው እንደሚያስቡት ይገርመኛል። ከወንዶቹ አንድ ቡናማ ሰንደል አወረድኩ፣ 40 ቁጥር። ልክክ አለ። ተነሥተው ሄድ መለስ አሉ።

«ግሩም ነው። የምን ሀገር የሴት ጫማ ነው?»

«የወንድ ነው እማማ።»

አውልቀው አስቀመጡት። ልጃቸው ለመነች፤ እሳቸው «ከሽማግሌ ጋር ተጋፍቼ ጫማ ልግዛ?» አሉ። ጥቂት ቆይቶ የልጅ ልጃቸው፣ ትንሿ፣ ጎንበስ ብላ መልሳ አጠለቀችላቸው። ሳቁና ጉዳዩ አለቀ።

ከጫማው ጋር ሦስት ነገር ነገርኳቸው። አዲሱን ጫማ ይዘው አይጓዙ፤ ቤት ውስጥ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት እያደረጉ፣ ባወለቁ ቁጥር እግራቸው ላይ የቀላ ቦታ መኖሩን እያዩ ያለማምዱት። ካልሲው ነጭ ይሁን፤ ቁስል ካለ ደሙ ወይም እርጥበቱ ነጭ ላይ ይታያል። ከማጥለቅ በፊት ጫማው ይራገፍ፣ ውስጡ በእጅ ይዳሰስ። ይህ ሦስተኛው ሥራ ለትንሿ ልጅ ተሰጠ። በኩራት ነው የተቀበለችው። ውኃ ውስጥ እግር ነክሮ ስለ መቆየት ደግሞ «ገብቶ መውጣት እንጂ መዘፍዘፍ የለም፣ ሲወጡ ጣት መሐሉ ይድረቅ» አልኩ፤ ይህንን ክትትል ላይም ብለዋቸው ኖሯል።

ትንሿ ልጅ የፈለገችው ሮዝ ክሮክስ ነበር። የኛ ሰው ቀዳዳ ያለውን ለስላሳ ጫማ ሁሉ ክሮክስ ይለዋል፤ ማን ሠራው አይባልም። አንድ ጥንድ ቤት አላት፤ ያውም ሁለት ቁጥር የሚበልጣት። «ነገ ታድጋለች» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ሱቄን የምታንቀሳቅስ ሞተር ናት። አንድ ቁጥር ማለት 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ቁጥር ከ1.3 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ለትምህርት ቤት ጫማ ከጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት መተው ደግ ነው። ውኃ ውስጥ ግን ሰፊ ጫማ ውኃ ይሞላል፣ ይከብዳል፣ ወልቆ ይሄዳል። ልጅቱም ጫማዋን ልትይዝ ወደማትችልበት ጥልቀት ትከተለዋለች። የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ስለዚህ ላይዋ የሚለጠጥ ጨርቅ፣ ታችዋ ስስ ጎማ የሆነች የውኃ ጫማ፣ በልኳ፣ ያለ ትርፍ ገዛንላት። ክሮክሱ ለሆቴል ግቢ ይሁን ተባለ። አዲስ አበባ ላይ ግን ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ በክሮክስ እንዳትወጣ አደራ ብያለሁ። ለስላሳው ጎማ ደረጃውና ጠርዙ መሐል እየተሰነቀረ በብዙ ሀገር የሕፃናት ጣት ተጎድቷል። ጎንደር ላይ ይህን ደረጃ ያላየች ልጅ ደግሞ ጠርዙን በእግሯ መዳሰሷ አይቀርም።

ወንዱ ልጅ ጫማ የሚባል አልፈልግም አለ። በጥምቀት ፋሲል መዋኛ ከግንቡ ላይ ዘሎ የገባ ጎረምሳ ስለ ውኃ ማን ያስተምረዋል? ውኃው ሲባረክ፣ ወጣቱ ሲዘል፣ ዳር ላይ የሚቆለለው ጫማ ብዛት እንኳ የማንን ማን እንደሚለየው እንጃ። ልጁ ግማሽ እውነት አለው። ገንዳ ውስጥ ባዶ እግር ነው የሚያስፈልገው፤ ንጹሕ ነው፣ ወለሉ ይታያል። ላንጋኖ ግን ወለሉ አይታይም። ተደራደርን፤ ገንዳ ውስጥ ባዶ እግር፣ ሐይቅ ውስጥ ጫማ። ለዚህም አዲስ አልሸጥኩለትም። ቤት የተጣለ አሮጌ ሸራ ጫማ አለው፤ ክሩ ይታሰራል፣ ውኃ ይገባል ይወጣል፣ ቢበላሽ አያስቆጭም።

እናትየዋ ለራሷ ኋላው ማሰሪያ ያለው ባለ ጎማ ሰንደል ወሰደች። የታኮ ጫማዋን ለሆቴሉ እራት ትያዝ አትያዝ የሚለው ክርክር የባልና ሚስት ስለሆነ አልገባሁበትም።

አባትየው «እኔ የቤቱ ነጠላ ጫማ ይበቃኛል» አለ። በቀልድ መልክ በረባሶ ግዛ አልኩት፤ ሳቀ። ቀልዱ ግን ግማሽ ነው። ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ሶል ለግራር እሾህ አይበገርም፣ ጥርሱም እርጥብ ድንጋይ ይይዛል። ይከብዳል እንጂ ሌላ ነውር የለበትም። የፕላስቲኩ ኮንጎ ጫማም እንዲሁ ነው። ገበሬው ጭቃና ወንዝ የሚሻገርበት፣ ታጥቦ ወዲያው የሚደርቅ፣ በርካሽ የሚገኝ። ውጭ ሀገር ተሠርቶ ስም ቢወጣለት የውኃ ጫማ ብለን በእጥፍ እንገዛው ነበር። የሚጎዳው ጠርዙ ቆዳ መፋቁና ውስጡ ማላቡ ነው፤ ለዚህ ነው ለእማማ ያላሰብኩት። በነገራችን ላይ ቅዳሜ ገበያ አሁንም ሞልቷል።

ሒሳቡ እንዲህ ሆነ። ከወጣው ብር ግማሽ ያህሉ የእማማ ነው። የቀረውን እናትየዋና ትንሿ ተካፈሉት። ወንዶቹ በዜሮ ወጡ። አምስት አዲስ ነጠላ ጫማ ቢገዙ ኖሮ ወጪው ከዚህ ያነሰ ነበር፤ ይህን አልክድም።

አሁን ወደ መልሱ። ጫማዎቹን በፌስታል አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፏቸው።

የአባትየው ነጠላ ጫማ ተረከዙ አካባቢ አንዲት ቀዳዳ ነበረችው። ልጆቹ ኳስ ግራሩ ሥር አስገቡ፣ ሊያመጣ ሄደ፣ እሾሁ ስፖንጁን ዘልቆ እግሩን አገኘው። በመብራት ሳየው ቀዳዳው ከላይ እስከ ታች ይታያል። በማግስቱ በስፖርት ጫማ ነው የዋለው። የቴታነስ ክትባቱ ያላለፈበት መሆኑ በጀው።

የወንዱ ልጅ ሸራ ጫማ ግራው ሶል ላይ ጣት የሚያህል ቅድ አለው፤ ጎማውን ገምሶ ጨርቁ ላይ ሳይደርስ ቆሟል። መቼ እንደሆነ አያውቅም። ምን እንደቆረጠውም አያውቅም። ውኃው ቡኒ ነዋ።

ሮዟ ክሮክስ ከሁሉ ታስቃለች። መኪና ውስጥ፣ የኋላ መስተዋት ሥር፣ ፀሐይ ላይ ረሷት። ይህ ዓይነቱ ስፖንጅ ሙቀት አይችልም፤ ይኮማተራል። ሁለት ቁጥር ትበልጣት የነበረችው ጫማ አሁን ልኳ ሆናለች። ያውም አንደኛዋ፤ ሁለተኛዋ ጥላ ላይ ስለነበረች እንዳለች ናት።

የውኃ ጫማዋ ደህና ነች፤ ትሸታለች እንጂ። በንጹሕ ውኃ ሳትለቀለቅ በፌስታል ታስራ ነው የመጣችው። ገንዳ ውስጥ ያለው ክሎሪንም የሐይቁ ጭቃም በዚያው ቀን ታጥቦ ጥላ ላይ መድረቅ አለበት። በሶዳ አሹልኝ ብዬ መለስኳት።

እናትየዋ የመጀመሪያው ቀን ማሰሪያው ቁርጭምጭሚቷ ሥር ላጣት፤ ሰንደሉን ሳታለማምደው ነው የሄደችው፣ ምክሩን ለእናቷ ብቻ የሰጠኋት መስሏት። እግሯ ላይ ደግሞ የማሰሪያው ቅርጽ በፀሐይ ታትሟል። ፊቷንና ክንዷን ሰንስክሪን ስትቀባ የእግሯን ጀርባ ረስታዋለች። ሰንደል የሚያደርግ ሁሉ የሚረሳው ቦታ ነው።

ቢሾፍቱ ላይ ስለ ሴራሚኩ የነገርኳት ደርሷል። የገንዳው ዳር በጣም ያንሸራትት ነበር፤ የሌላ እንግዳ ልጅ ወድቆ አገጩ ተሰነጠቀ። የነሱ ልጅም በባዶ እግሩ ሮጦ ነበር፤ ያ ልጅ ሲወድቅ አይቶ መሮጡን ተወ። ይህን በጫማ ምርጫ ያመጣሁት ውጤት ነው ብል ውሸት ነው።

እማማስ? እግራቸው አንድም ቁስል ሳይነካው ተመለሱ። ላንጋኖ በገቡ በማግስቱ ጠዋት ትንሿ ሰንደሉን ስታራግፍ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር ወደቀች። የቀደመውን ቀን ከሰዓት በሙሉ አብራቸው የዋለች ናት። ሌሊት ልጃቸው እግራቸውን ስታይ ከአውራ ጣታቸው ሥር ቀይ ምልክት አግኝታ ነበር፣ ከየት እንደመጣ ሳይገባት። እሳቸው አልተሰማቸውም። ጫማውን ያን ዕለት አላደረጉም፤ ምልክቱ በነጋታው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ትንሿ ጠዋት ብቻ ሳይሆን ባወለቁ ቁጥር ማራገፍ ጀመረች። ይህ የእሷ ማሻሻያ ነው፤ እኔም አሁን ለስኳር ሕመምተኛ ደንበኛ የምለው እንደሷ ነው።

ሰንደሉን እማማ ከተማም ይዘውታል። አንድ ቦታ ብቻ ችግር ሆነ፤ ቤተ ክርስቲያን። እዚያ ጫማ ይወልቃል፤ ማንም ሌላ እንዲያደርጉ አይጠብቅም። ወፍራም ነጭ ካልሲ አድርገው ይገባሉ፣ ምንጣፍ ያለበትን ቦታ መርጠው ይቆማሉ፣ ቤት ሲመለሱ ልጃቸው ውስጥ እግራቸውን ታያለች። የሚጣበቀው ማሰሪያ ጎንበስ ሳይሉ በበትራቸው ጫፍ እንደሚላቀቅላቸው አሳይተውኛል።

ሰሞኑን ደግሞ እህታቸውን ይዘው መጡ። የእሳቸውም እግር ሰፊ ነው፤ ስኳሩም አለ። የወንድ የሴት የሚል ነገር አልተነሣም። 41 ቁጥር አልቆብኛል፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እየጠበቁ ነው።